«ደረስኩ» ሲል የት ደርሶ ነው? የሳይት ሠራተኛን መግቢያ ስለ መመዝገብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ተቀምጠን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ቦሩ ሜዳና ኩታበር ሠራተኛ እንልካለን። ግንበኛ አለ፣ ኤሌክትሪሻን አለ፣ የቧንቧ ባለሙያ አለ፣ ጥበቃ አለ። አብዛኛው ቢሮ አይረግጥም። ጠዋት ከቤቱ ተነስቶ ቀጥታ ሳይት ነው። ታዲያ መድረሱን በምን እናውቃለን? በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ስልክ ሲደውሉልኝም፣ ቡና ላይ ስንገናኝም የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ከመልሶቹ አንዳንዶቹን ተሳስቼ ነው የተማርኳቸው።

«ደረስኩ» ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

ቀልድ ይመስላል። ግን ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህች ቃል ነው። ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው «ደርሻለሁ» ይላል። ሳይቱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ፓስቲ የያዘውም ደርሷል። አሸዋና ሲሚንቶ እያቦካ ያለውም ደርሷል። ሦስቱም አልዋሹም።

ስለዚህ አፕ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ሰዓቶችን ለዩ። ከቤት የተነሳበት፣ በር የገባበት፣ ሥራ የጀመረበት። እኛ ለሁሉም ሰው የምንይዘው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ከከተማ ለሚወጣ ሰው ብቻ እንጠይቃለን።

ሁለት ሰዓት ለምን እንደምንይዝ ላውራችሁ። ድሮ አንዱን ብቻ ነበር የምይዘው። አንድ አዛውንት ግንበኛ ነበሩን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮምቦልቻ ሳይት ላይ ለአራት ቀን ደብተሩ 2:40 ይላል። ሥራ የሚጀመረው 2:00 ነው። እኔም ቆረጥኩ። ደመወዝ ቀን መጡና ገንዘቡን ቆጥረው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ የስቶሩን ቁልፍ የሚይዘው ማነው?» አሉኝ። ለካ ቁልፉ የሚመጣው 2:40 ነው። እሳቸው ከ1:45 ጀምሮ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ካቦው (የሠራተኞቹ አለቃ) ደግሞ የሚጽፈው ሥራ የተጀመረበትን ነው። እኔ የጋሼን መዘግየት መሰለኝ እንጂ የመዘገብኩት የቁልፉን መዘግየት ነበር።

ሕጉም ከጋሼ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን ራሱን ለሥራ ዝግጁ ያደረገበትንም ጊዜ ይጨምራል። ዕቃ ወይም መሣሪያ ጠፍቶ ያለ ጥፋቱ ሥራ የፈታ ሰው ደመወዙን ያገኛል። ገንዘባቸውን መለስኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኩ። «አብሽር» ብለው ሄዱ። በማግስቱ የስቶር ሠራተኛውንም መግቢያ መመዝገብ ጀመርን።

ደብተር ላይ ማስፈረም አይበቃም ወይ?

አንድ ሳይት ላይ ከ15 ያልበለጠ ሰው ካላችሁ፣ ካቦውም የሚታመን ከሆነ በደንብ ይበቃል። ደብተር ቻርጅ አያልቅበትም፣ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም። ችግሩ ጠዋት መፈረም የነበረበት ከሰዓት ሲፈረም ነው። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ እጅ፣ አሥራ አንድ ስም። ሰዓቱን ተመልከቱት። 2:00፣ 2:00፣ 2:00 ብሎ እስከ ታች ከወረደ ያ ደብተር ማታ የተሞላ ነው። ሰው እንደዚያ አይመጣም። 1:48 ይመጣል፣ 1:55 ይመጣል፣ 2:07 እየሮጠ ይመጣል።

የድሮዋን ቀይ መስመር አትናቋት። 2:10 ሲሆን ታይም ኪፐሩ፣ ማለትም ሰዓት መዝጋቢው፣ ያሰምራል። ከዚያ በኋላ የመጣ ከመስመሩ በታች ይፈርማል። የገጹን ፎቶ ወዲያው አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። ፎቶው 2:12 ላይ ቢሮ ከደረሰ ማታ የሚጨመር ስም የለም። ወጪው ዜሮ ነው።

የጣት አሻራ ማሽንስ?

በር፣ ጣሪያና መብራት ላለው ቦታ ጥሩ ነው። በ2009 ዓ.ም. እንደተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ቦታ ሰው በታወቀ በር ስለሚገባ ይሠራል። ሳይት ላይ ግን አይመከርም። ሲሚንቶ የጣትን መስመር ይበላዋል። ግንበኛው ጣቱን ያስቀምጣል፣ ማሽኑ ይጮሃል። በሱሪው ይጠርግና እንደገና ያስቀምጣል፤ አሁንም ይጮሃል። ሦስተኛ ላይ ምራቁን ቀባ ያደርጋል። ከኋላው 20 ሰው ተሰልፏል። በመጨረሻ ጥበቃው «እለፍ በቃ» ይላል፤ ማሽኑም ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ቀድሞ የተገዛ ማሽን ካላችሁ ከሁለቱም እጅ ጣት አስመዝግቡ፣ ትንሿን ጣት ጨምራችሁ። እሷ ላይ ሲሚንቶ ያን ያህል አይበረታም።

በስልክ ሎኬሽን ማረጋገጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን እንዴት እንደሚሠራ ካልገባችሁ ታዝኑበታላችሁ። ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ሲግናል ነው። ለዚህ ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ያወቀውን ለእናንተ ለመላክ ነው። ሰማይ በሚታይበት ሜዳ ላይ ስህተቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። ፎቅ መሐል፣ ጣሪያ ሥር ወይም ገደል ጥግ ሲሆን ግን ሲግናሉ እየተንጸባረቀ ስለሚመጣ ስህተቱ ይሰፋል። ሰውየው አርማታ ላይ ቆሞ ስልኩ ጎረቤት ግቢ ሊያስቀምጠው ይችላል።

አብዛኛው አፕ በሳይቱ ዙሪያ ክብ እንድታሰምሩ ይጠይቃል። ክቡ ውስጥ የገባ ሰው «ደርሷል» ይባላል። እዚህ ላይ የደሴ ነገር ይመጣል። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች የዳገት ከተማ ናት። ክቡ ደግሞ ርቀትን የሚለካው ካርታ ላይ ተኝቶ ነው፤ ዳገት አያውቅም። ዳገት ላይ ላለ አንድ ሳይት የ150 ሜትር ክብ አሰመርን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው ቀድሞ ደራሽ ሆነ! ተገረምን። ሄደን ስናይ ታች አስፋልት ዳር ያለው ሻይ ቤት ክቡ ውስጥ ገብቷል። ሰዉ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ አዝዞ፣ «ገባሁ» የሚለውን ይጫናል። ከዚያ ዕቃ ተሸክሞ ዳገቱን ለመውጣት ሩብ ሰዓት።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ ክቡን በቢሮ ወንበር ላይ ሆናችሁ አታሰምሩ፤ ስልክ ይዛችሁ ሳይቱ መሐል ቆማችሁ አሰምሩ። ሁለተኛ ዳገት ላይ ከክቡ ጋር አንድ ፎቶ ጠይቁ፤ የሚክሰሩን (የአርማታ ማቀላቀያውን) ወይም የበሩን ቁጥር የሚያሳይ። ክቡን አጥብቦ 30 ሜትር ማድረግ ያምራል፤ ግን ቅድም ባልኳችሁ ስህተት ምክንያት ታማኙን ሰው ውጭ ታስቀሩታላችሁ። ታማኝ ሰው በማሽን ሲዋሽበት የሚቀየመው ቅያሜ ቶሎ አይለቅም።

ኔትወርክ ከሌለስ?

ይሄ መቼም «ከሌለስ» ሳይሆን «ሲጠፋስ» ነው። አፕ ስትመርጡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሁን። ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ፣ በኋላ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል ወይ? አይልክም ከተባለ ተዉት።

የሚልክ ከሆነም ሁለት ሰዓት መያዝ አለበት፤ ሠራተኛው የተጫነበትንና መረጃው ቢሮ የገባበትን። ምክንያቱም ያለ ኢንተርኔት የሚመዘገበው በስልኩ ሰዓት ነው። የስልክን ሰዓት ደግሞ ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ትጠይቃላችሁ፤ ወዲያው ግን ሌባ አትሉም።

በቴሌግራም ግሩፕ የምትሠሩ ደግሞ ይህን እወቁ። ዳታ ሳይኖር የተጻፈ «ገብቻለሁ» የሰዓት ምልክት እያሳየ ስልኩ ላይ ይጠብቃል። 1:50 ጽፎ 3:15 ላይ ሊደርሳችሁ ይችላል። በዚህ ስንት ሰው ተቆጥቻለሁ መሰላችሁ! አሁን ደንባችን ቀላል ነው። ዳታ ከሌለ ሚስድ ኮል። ዳታ በማይሠራበት ቦታ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሚስድ ኮል ብር አይቆርጥም፤ ሰዓቱም ሁለታችንም ስልክ ላይ ይቀመጣል።

አፑ 07:52 ይላል፣ ሠራተኛው 1:52 ይላል። የቱን ልያዝ?

ከሁሉ በላይ ራስ ያዞረን ይህ ነው። አፖቹ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስቡት። እኛ ጠዋት 2:00 የምንለውን 08:00 ይሉታል። ልዩነቱ 6 ሰዓት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ሥራ ላይ ሲሆን ይደባለቃል። አንድ ጊዜ ቢሮ ያለች ልጅ «ነገ 8 ሰዓት ኮምቦልቻ ተገኙ» ብላ ግሩፕ ላይ ጻፈች። ከአፑ ላይ አይታ ነው፤ ጠዋት ማለቷ ነበር። ሁለቱ ኤሌክትሪሻኖች ምሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ልክ በ8 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ከች አሉ። ማን ተሳሳተ? እነሱማ አልዘገዩም። በዚያ ቀን የማንንም ደመወዝ አልነካንም።

የኛ ደንብ፦ ለሰው የሚጻፍ ሁሉ በኢትዮጵያ ሰዓት፣ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይጨመራል። ፔሮል (የደመወዝ መዝገብ) ላይ ሰዓቱን የሚለውጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሰው ከለወጠው 6 ሰዓት ሁለት ጊዜ ይቀነሳል፤ ይህም ደርሶብናል።

የማታ ጥበቃ ካላችሁ ሌላ ጣጣ አለ። ለአፑ ቀን የሚለወጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ለኛ ጥበቃ ግን ሌሊቱ አንድ ነው። ማታ 12 ገብቶ ጠዋት 12 የሚወጣ ሰው ፈረቃውን አፑ ሁለት ቀን ላይ ይበትንበታል፤ አንዱ ቀን ላይ መግቢያ ያለ መውጫ፣ ሌላው ላይ መውጫ ያለ መግቢያ። ሴቲንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚል ነገር ፈልጉ። ከሌለ ጥበቃዎቹን በደብተር ያዙ፣ ሰላም ታገኛላችሁ።

ወሩም አንድ አይደለም። የኛ 30 ቀን ነው፤ የአፑ ሪፖርት 28፣ 29፣ 30 ወይም 31። ሪፖርቱን «በወር» ሳይሆን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ብላችሁ አውጡ። ጳጉሜን እንዳትረሱ። በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ጳጉሜም ሠርቷል።

ስማርት ስልክ የሌለው ሠራተኛስ?

ካቦው ይመዘግብለታል። በቀን ሥራ የሚገባ ሰው አፕ እንዲያወርድ ማስገደድ አይገባም፤ ዳታውን ማን ይሞላለታል?

አንዱ ለሌላው ቢጫንለትስ? ሎኬሽን ቢያጭበረብርስ?

ይኖራል። ሐሰተኛ ቦታ የሚያሳዩ አፖች አሉ፤ አንድሮይድ ላይ ከአፕ ሠሪዎች ሴቲንግ (Developer options) ገብቶ የሚከፈት ነገር ነው። ደህና የመግቢያ አፕ ይህ ሲከፈት ያውቃል። ነገር ግን በእኔ ልምድ ማጭበርበሩ ይህን ያህል የተራቀቀ አይደለም። ሁለት ስልክ በአንድ ኪስ ነው። የቀረው ሰው ስልኩን ለጓደኛው ሰጥቶታል።

ለዚህ መድኃኒቱ አፕ ሳይሆን እግር ነው። በሳምንት አንዴ ሳትናገሩ ሳይት ሂዱ፤ ስም ጥሩ። ደግሞ ሥራውን ተመልከቱ። ስድስት ግንበኛ ገብቷል ተብሎ ግድግዳው የሁለት ሰው ያህል ብቻ ከፍ ካለ ብሎኬቱ ራሱ ይነግራችኋል። ብሎኬት ሎኬሽን አያጠፋም።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሄድበት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው?

በውል ካልተጻፈ መጨቃጨቂያ ይሆናል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በሐረጎ ተራራ እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ፊት ያለው መኪና አይታይም። ሰው ከደሴ በጃኬት ተነስቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያወልቃል። እኛ እንዲህ እናደርጋለን። ሰውየው ኮምቦልቻ ሳይት ተብሎ ከተቀጠረ መንገዱ የራሱ ነው። ደሴ ሳይት ላይ እያለ «ዛሬ ኮምቦልቻ ሂድ» ካልነው፣ ወይም መጀመሪያ ቢሮ መጥቶ ዕቃ እንዲጭን ካዘዝነው፣ ሰዓቱ ከቢሮ ይጀምራል። ትራንስፖርቱንም እንከፍላለን። ይህ የኛ ውሳኔ ነው፤ እናንተ ሌላ ልትወስኑ ትችላላችሁ። ብቻ ጻፉት።

የሥራ ሰዓቱ በቀን ከ8 ሰዓት ካለፈ ትርፍ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ባለው ጊዜ በሰዓት አንድ ተኩል፣ ከማታ 4 እስከ ጠዋት 12 አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ።

ለዘገየ ሰው 100 ብር መቅጣት እንችላለን?

ዝም ብሎ አይቻልም። አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲሆን፣ አለዚያ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ግሩፕ ላይ «ከነገ ጀምሮ ቅጣት አለ» ብሎ መጻፍ የሥራ ደንብ አይደለም።

በተደጋጋሚ የሚዘገይ ካለ መንገዱ የታወቀ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ የዘገየ፣ ወይም እንዲሁ እየተጻፈለት ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ 5 ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል። «በጽሑፍ» የምትለዋን አስምሩባት። በቃል ስንት ጊዜ እንደነገራችሁት ማንም አይቆጥርላችሁም። እዚህ ጋ ነው የመግቢያው ደብተር ዋጋ የሚያወጣው፤ ለሁለቱም ወገን።

ዓርብና ሌላው የሶላት ሰዓትስ?

ወሎ ነው ያለነው፤ ይህ ጥያቄ እንኳ መሆን የለበትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ይወጣል። እኛም የዓርብን ምሳ እንደዚያው አስረዝመን ማታ እናካክሳለን። አፑ ላይ የዓርብን ዕረፍት ለይታችሁ ካላስገባችሁ ጁምዓ የሄደው ሁሉ «ከሥራ ቦታ ወጥቷል» ተብሎ በቀይ ይመጣል። ረመዳን ላይ ቀደም ብሎ ገብቶ ቀደም ብሎ መውጣት የሚፈልግ ብዙ ነው። አርማታ የሚሞላበት ቀን ካልሆነ ፍቀዱ።

ሠራተኛውን ቀኑን ሙሉ በካርታ መከታተል እችላለሁ?

ለምን? መግቢያና መውጫውን ካወቃችሁ መሐሉን ካቦው ያያል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። የሰውን መረጃ የምትሰበስቡበትን ዓላማ ማሳወቅና ከዚያ በላይ አለመሰብሰብ ግዴታ ነው። ሎኬሽን ደግሞ ሰውየው የት እንደሚያመሽ ጭምር ይናገራል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ አፕ አታስጭኑ። ማን መረጃውን እንደሚያይና መቼ እንደሚጠፋም አስቀድማችሁ ንገሩ። ሁለት መስመር አማርኛ ይበቃል።

አንድ ሰው በሰዓቱ ካልገባ የመጀመሪያው እርምጃ ምንድነው?

መደወል። «ለምን ዘገየህ» ለማለት አይደለም፤ «ደህና ነህ?» ለማለት ነው። በክረምት ጠዋት ከከተማ ለሚወጣ ቡድን አንድ ሰው በቴሌግራም ቀጥታ ሎኬሽኑን ለ1 ሰዓት እንዲከፍት እንጠይቃለን። ሲደርሱ ይዘጋዋል። 30 ደቂቃ ካለፈና ስልክ ካልተነሳ ሹፌሩ ጋ፣ ከዚያ እዚያው አቅራቢያ ወዳለ ሌላ ሳይት እንደውላለን። ቁጥሮቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ መብራትም ቢጠፋ ይነበባሉ።

«እየደረስኩ ነው» ካለኝስ?

«የት ደረስክ?» አትበሉት፤ መልሱ አንድ ነው። «አሁን በመስኮት ምን ይታይሃል?» በሉት። ሐረጎ ላይ ያለ ሰው ወዲያው «ጉም» ይላችኋል። ዝም ካለና ከጀርባው የቡና ስኒ ከተሰማ ገና አቦሉ አልተጠጣም፤ ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡት።